ከኋላ የሚመጣ ድምፅ

ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ከሽቱትጋርት በስተደቡብ፣ ሽቬቢሽ አልብ በሚባለው ደጋ ላይ፣ አብሮኝ የሚሠራ ጀርመናዊ ወዳጄ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና «በል፣ አሁን ደግሞ አንተ ንዳ» አለኝ። መኪናው የ1964 ሞዴል ፖርሽ 356 ሲ ነው፤ ባለ ሁለት በር፣ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ቀለም ያለው፣ ጀርባው እንደ ወንዝ ድንጋይ የለሰለሰ። ከእንዲህ ዓይነት መኪና መሪ ጋር ተገናኝቼ አላውቅም። እግሬ ግን ቦታውን ያውቀው ነበር። ፍሪሲዮኑም ፍሬኑም እንደ ዛሬ መኪኖች ከላይ የተንጠለጠሉ አይደሉም፤ ከወለሉ በቅለው ወደ ላይ የቆሙ ናቸው። ተረከዜን የት እንደማሳርፍ የነገረኝ ሰው የለም። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ከጀርባዬ ተነሣ። ያንን ደረቅና ፈጣን ድምፅ ስሰማ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ጉለሌ ያለው ግቢያችን ነበር፤ ከቆርቆሮው አጥር ሥር የምትቆመው የአባቴ ቮልስ።

ቮልሳችን የ1969 ሞዴል ባለ 1300 ናት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታችን መምህር ነበር፤ በ1981 አገር ለቆ ከሚሄድ ሰው በሁለተኛ እጅ ገዛት። ሞተሯ 1,285 ሲሲ ሲሆን ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይህ ቁጥር ግን ለቆላ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰውን ያህል ነው የሚሠራው። እናም ቮልሳችን አምስት ሰው፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍና የእናቴን ዕቃ ጭና እንጦጦን ስትወጣ የነበራት ጉልበት ሠላሳ ፈረስ ቢሞላ ነው። ትወጣ ነበር ግን። በሁለተኛ ማርሽ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ የያዘችውን ሁሉ ይዛ ትወጣ ነበር።

የወዳጄ 356 ሲ 1,582 ሲሲ ሞተር፣ ሁለት ካርቡሬተርና 75 የፈረስ ጉልበት አለው። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 175 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የእኛዋ ቁልቁለት ካላገዛት ከ120 አታልፍም። ሁለቱም ክብደታቸው ከአንድ ቶን በታች ነው። ሁለቱም ነዳጃቸውን ከፊት፣ ሞተራቸውን ከኋላ ይይዛሉ። በሁለቱም አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል፤ ሁለቱንም የሚያቀዘቅዛቸው ውኃ ሳይሆን አየር ነው።

ሳልሸፋፍን ልናገር፤ 356 የተሻለ መኪና ነው። መሪው በሁለት ጣት ይዞራል፤ ሆኖም ጎማው የረገጠውን ጠጠር ሁሉ ለእጅ ይነግራል። በአራቱም እግር ያለው የዲስክ ፍሬን ስትረግጡት ያዝ ያደርጋል፤ እንደ ቮልስ ፍሬን ቀድማችሁ ልታስቡበት አይገባም። ከዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ላይ መኪናውና እኔ አንድ ነገር የሆንን መሰለኝ። ያን ደስታ አሳንሼ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። ወዳጄ ከጎኔ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመከረኝ፦ «ከመታጠፊያው በፊት ቀንስ፤ ከገባህ በኋላ እግርህን ከነዳጅ አታንሣ» አለኝ። ይህንን ምክር ከዚያ በፊት የሰማሁት በአማርኛ ነው። አባቴ ታላቅ ወንድሜን መንዳት ሲያስተምረው እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ «ሳትገባ ቀንስ፣ ከገባህ አታመንታ» ይለው ነበር። ምክንያቱም አንድ ነው። የሞተሩ ክብደት ከኋላ እግር ወዲያ ስለተቀመጠ መታጠፊያ መሐል ነዳጁን ድንገት ሲለቁት ጭነቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ የኋላ ጎማዎቹ ከሥር ይታጠፉና የኋላው አካል ከፊተኛው ሊቀድም ይነሣል። የሩጫ መኪናውም የቤት መኪናዋም አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

መመሳሰላቸው ያለ ነገር አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሽ «የሕዝብ መኪና» እንዲነድፍ ውል የገባው በ1934 ነው፤ ፋብሪካው ዛሬ ቮልፍስቡርግ በሚባለው ቦታ በ1938 ተመሠረተ። አጀማመሩ ንጹሕ አልነበረም። የናዚ መንግሥት በሳምንት አምስት አምስት ማርክ የሚለጠፍበት የቁጠባ ደብተር አሳትሞ ሦስት መቶ ሺህ የሚበልጡ ቤተሰቦችን አስቆጠበ፤ ጦርነቱ መጣና አንዳቸውም መኪናውን ሳያገኙ ቀሩ። ፋብሪካው በግዳጅ በተጋዙ ሰዎች ጉልበት የጦር መኪና ሲሠራ ከረመ። ይህንን ሳይጠቅሱ ስለ ቮልስ ፍቅር ብቻ መጻፍ ትክክል አይመስለኝም። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካውን ከፍርስራሽ አንሥቶ ዳግም ያስጀመረው አይቫን ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ ሻለቃ ነው። ቮልስ የእውነት የሕዝብ መኪና የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያው ዘመን የፈርዲናንድ ልጅ ፌሪ ፖርሽ ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል መንደር፣ ቀድሞ የእንጨት መሰንጠቂያ በነበረ ቦታ፣ ጥቂት ሠራተኞች ይዞ ተቀምጧል። ብረት የለም፤ ማሽን የለም፤ ገንዘብም የለም። በእጁ ያለው የቮልስ ዕቃ ነው። ሞተሯን፣ ማርሽ ሳጥኗን፣ የፊት እግሯንና ፍሬኗን ወስዶ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ በመዶሻ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም አለበሳት። የመጀመሪያው 356 የመንገድ ፈቃዱን ያገኘው ጁን 8 ቀን 1948 ነው። የአካሉን ቅርጽ የሠራው ኤርቪን ኮሜንዳ ደግሞ የቮልስን አካል የሠራው ያው ሰው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ከፊት ብታዩአቸው የዓይናቸው አቀማመጥ ይመሳሰላል፤ የአንድ ሰው እጅ ነዋ። በ1951 ያ ቀላል የአሉሚኒየም መኪና የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ገብቶ በ1,100 ሲሲ ምድብ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ እየተሻሻለ፣ የራሱ እየሆነ ሄደ፤ ወዳጄ ዘንድ ያለው 356 ውስጥ ከቮልስ የተወሰደ ዕቃ ብዙም የለም። መልኩ፣ አቀማመጡና ድምፁ ግን አልጠፋም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ወዳጄ የነገረኝ ያን ዕለት መንገድ ዳር ቆመን ቡና ስንጠጣ ነበር። በ1948 ፖርሽና ቮልስዋገን በተዋዋሉት ውል መሠረት አንዲት ቮልስ በተሠራች ቁጥር ለፖርሽ የፈቃድ ክፍያ ይደርሰው ነበር። በዚያው ውል የፖርሽ ቤተሰብ በኦስትሪያ ቮልስን የመሸጥ መብት አገኘ። ይኸውም ማለት፣ መምህሩ፣ ነርሷና ዳቦ ጋጋሪው እየቆጠቡ ቮልስ በገዙ ቁጥር ያ ፈጣኑ፣ መልከ መልካሙ፣ በውድድር ሜዳ የሚጨበጨብለት መኪና የሚያድግበት ገንዘብ ይገባ ነበር። ቮልስ ታላቅ ናት፤ 356 ታናሽ ነው። ታላቋ ጭነት እየተሸከመች ታናሹን አሳደገችው።

ቡናዬን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ያ ታሪክ ለእኔ የመኪና ታሪክ አልነበረም።

አባታችን በ1998 ሲሞት ታላቅ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ። «አቋረጥኩ» ብሎ አያውቅም፤ «ሥራ ያዝኩ» ነው የሚለው። እኔ የውጭ ትምህርት ዕድል ስፈልግ የጀርመንኛ ቋንቋ ትምህርት መክፈል ነበረብኝና ገንዘብ አልነበረንም። ያን ጊዜ ጋሼ ማለዳ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት የሰፈር ልጆችን በቮልሷ ትምህርት ቤት ማድረስ ጀመረ። አራት ልጆች፤ ሦስት ከኋላ፣ አንድ ጋቢና። ከእያንዳንዳቸው ወላጆች በወር የሚከፈለውን ገንዘብ በአንድ ፖስታ ያስቀምጥና የወሩ መጨረሻ ላይ ፖስታውን ሳይከፍት ለእኔ ይሰጠኛል። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ከፈለልኝ። በ2003 መስከረም ጀርመን ገባሁ። በዚያው ዓመት ጁላይ 30 ቀን ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ ቮልስ ከፋብሪካ ወጥታ ነበር፤ ቁጥሯ 21,529,464። የ356ቱ ጠቅላላ ቁጥር ግን ከ1948 እስከ 1965 ድረስ ሰባ ስድስት ሺህ ገደማ ነው።

ወዳጄ መኪናውን የሚወድ ሰው ነው፤ ያንን ማንም ሊነፍገው አይችልም። ጋራዡ ውስጥ የአየሩን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ አለ። የሰሌዳው ጫፍ ላይ ጀርመኖች «ሃ» የሚሉት የላቲን ፊደል H ተጽፏል፤ ሠላሳ ዓመት የሞላውና በጥሩ ይዞታ ያለ ታሪካዊ መኪና መሆኑን የሚያሳይ ነው። ከፊደሉ ጎን ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ 04 እና 10። መኪናው መንገድ ላይ እንዲወጣ የተፈቀደለት ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ግብሩና ኢንሹራንሱም የሚከፈለው ለዚያ ጊዜ ነው። ምክንያት አለው። እዚህ አገር በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ የዚያ ዘመን ላሜራ ደግሞ ጨው ከነካው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይበላል። ዋጋውም ያስፈራል፤ ደህና ይዞታ ላለው 356 መቶ ሺህ ዩሮ መጠየቅ ዛሬ አያስደንቅም። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የሞተሩን ቁጥር ነው። ሞተሩ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ራሱ ካልሆነ ዋጋው ብዙ ይወርዳል።

በዚህ መለኪያ የእኛ ቮልስ ምንም አታወጣም። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ወርዶ ታድሷል። የቀኝ የፊት ፓራፋንጎዋ ከሌላ ቮልስ የመጣ ነው፤ ከአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ከቆመች ሰማያዊ ቮልስ። ካርቡሬተሯ የብራዚል ነው። ቀለሟ ቢጫ ነበር፤ ከዚያ ነጭ ሆነ፤ አሁን እናቴ የመረጠችው አረንጓዴ ነው። የወንበሩ ልብስ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ራሱ ጋሼም አያስታውስም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ስቆጥር መኪናዋ ከራሷ እየራቀች ሳይሆን ይበልጥ ራሷን እየሆነች የሄደች ይመስለኛል። የተቀየረው ዕቃ ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም አንድ ቀን፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሰው አለው። ያ ፓራፋንጎ የተጎዳው እናቴን ሌሊት ሆስፒታል ስናደርሳት ነው። የ356ቱ ሞተር ቁጥር መኪናው ምንም እንዳልደረሰበት ይመሰክራል፤ የእኛዋ ግን የሚመሰክርላት የደረሰባት ሁሉ ነው። ለእኔ ሁለተኛው ምስክርነት ይከብዳል።

ስለ ቮልስ የሚያምር ነገር ብቻ እንዳልናገር፤ ዛሬ ቆጣቢ መኪና ናት ማለት አይቻልም። በመቶ ኪሎ ሜትር ስምንትና ዘጠኝ ሊትር ቤንዚን ትጠጣለች፤ ጭሷም ለሳንባ አይበጅም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ስታግድ ጋሼ በስልክ «ልክ ናቸው» ነበር ያለኝ። ቆጣቢነቷ በሌላ ነው፤ በሚጠግናት ሰው። ሞተሯ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ ካለ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይወርዳል። የፊት መስታወቱን የሚያጥበው ውኃ እንኳ በፖምፓ አይደለም የሚረጨው፤ ኮፈኑ ውስጥ ከተቀመጠው ትርፍ ጎማ በቀጭን ቱቦ በሚመጣ ነፋስ ነው። ሌላ ፖምፓ ላለመጨመር ያለውን ነፋስ መጠቀም! ይህን ያሰበውን መሐንዲስ ባገኘው እጁን እስም ነበር።

ያን ዕለት ከመለያየታችን በፊት ወዳጄ ከመሣሪያ ሳጥኑ አንድ ትንሽ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። የቫልቭ፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚያስገባበትና ጭስ የሚያስወጣበት በር፣ ክፍተት መለኪያ ነው፤ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ ስስ ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት፣ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ውፍረቱ የተቀረጸበት። «ለወንድምህ» አለኝ። ፋሲካን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ አዲስ አበባ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤው ሄድኩ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጋሼ የሥራ ፈቃድ ነበረውና ቫልቮቹን ሊያስተካክል ተነሣ። ይህ ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው። ከመኪናዋ ኋላ ማዳበሪያ አንጥፎ በጎኑ ተጋደመ። የቫልቩን ክዳን የያዘውን ወፍራም ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፋ፤ ክዳኑ ጥቂት ዘይት እያንጠባጠበ ወረደ። የዲስትሪቢዩተሩን ቆብ አንሥቶ የሞተሩን ፑሊ በእጁ ወደ ግራ ማዞር ጀመረ። ሞተሩ የሚተኩሰው አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ ነው፤ ወደ ኋላ ሲያዞሩት ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይሆናል። አባቴ ለዚህ ነው ወደ ግራ የሚያዞረው፤ ጋሼም እንደዚያው። ክፍተቱ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት። ቅጠሉ መሐሉ ገብቶ ሲሳብ ያዝ ሊያደርግ ይገባል፤ መቀርቀርም የለበትም፣ እንዲሁ መውለቅም የለበትም።

ሦስተኛው ሲሊንደር ጋ ሲደርስ ዝም አለ። የቮልስ መካኒኮች ሁሉ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። በእኛ ዓይነት ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ከዚህ ሲሊንደር በላይ፣ ነፋሱ የሚወርድበት መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው የሚያገኘው አየር ያነሰና የሞቀ ነው። ቀድሞ የሚቃጠለው የእሱ ቫልቭ ነው። ክፍተቱ በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ በሙቀት እየተሳበ መሆኑን ይናገራል፤ ያንን ሳይሰሙ መንዳት ሞተሩን መንገድ ላይ ማጣት ነው። ጋሼ ቅጠሉን አስገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሳበው። እንደገና ሳበው።

«አልጠበበም» አለ።

ከዚያ የእኔን ስጦታ አነሣ። እስካሁን የሚሠራበት የአባታችን መለኪያ ነበር፤ ቁጥሮቹ በመዳሰስ ብዛት ጠፍተዋል። አዲሱን 0.10 ቅጠል ከአሮጌው ጎን አድርጎ በሁለት ጣቱ መሐል አሻሸው፤ ከዚያ በአሮጌው የለካውን ቫልቭ በአዲሱ ለካ።

«ያው ነው» አለኝ። «የዚያኛውም መኪና ልኩ ይኸው ነው?»

«የማስገቢያ ቫልቩ ይኸው ነው፣ ጋሼ። የጭስ ማውጫው ትንሽ ይሰፋል።»

ራሱን ነቀነቀ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ስለ 356 ጠየቀኝ፤ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ፣ ሞተሩ ስንት ዘይት እንደሚጠጣ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፤ የፈቃድ ክፍያውን ታሪክም ነገርኩት። ፖስታውን ግን አላነሣሁም፤ እሱም አላነሣውም። ሽቱትጋርት ላይ ከኖቬምበር እስከ ማርች መኪናው እንደማይወጣ ስነግረው ግን ጨርቁን አቆመ።

«አምስት ወር ሙሉ?»

«አምስት ወር።»

«ጎማው አይጎዳም? በአንድ ወገን ይተኛል እኮ» አለ፤ በእውነት ተጨንቆ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ዝናብ ያዘ፤ የበልግ ዝናብ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ። ልጆቹ የሚወጡት ዘጠኝ ተኩል ነው። ዛሬም አራት ናቸው፤ የእሱ ትንሿ ልጅና ሦስት የጎረቤት ልጆች። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ፤ ድምፁ ከኋላ መጣ። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ እኔ ወርጄ ጋቢናውን አጥፌ ሦስቱን አስገባሁ፤ ትንሿ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች። እርጥብ ዩኒፎርምና የሰው ትንፋሽ መስታወቱን ወዲያው አጨሰው። ጋሼ መሪውን ሳይለቅ ከወንበሩ ሥር ጨርቅ አውጥቶ ለልጅቷ ሰጣት።

«ከእኔ በኩል ጀምሪ» አላት።